በካምፕ አጥር ውስጥ ያለን ተማሪ መምከርና ማነጽ፦ ለክፍል ኃላፊና ለምክር አገልግሎት መምህራን የአሠራር መመሪያ

በጦር ካምፕ ግቢ ውስጥ ወይም አጥሩን ተጠግቶ በተሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ሌላ ቦታ የማይገጥሙት ነገሮች ይገጥሙታል። ትናንት ከአባቱ ጋር እየሳቀ ሲገባ ያያችሁት ልጅ ዛሬ «አባቴ ሌሊት ግዳጅ ወጣ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ምንም አይልም። የኮሎኔሉ ልጅና የኮሎኔሉ ሾፌር ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። የካቲት ላይ አምስት አዲስ ተማሪ ይገባል፣ ሚያዝያ ላይ ስምንት ተማሪ መልቀቂያ ጠይቆ ይሄዳል።

እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ፣ ኋላም የምክር አገልግሎት (ልጆቹ «ጋይዳንስ» የሚሉት) መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሥራው የተማርኩት ዋናው ነገር አንድ ነው። የወታደር ልጅ ወታደር አይደለም። ማዕረግ የለውም፤ ግዳጅም አልተሰጠውም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

1. መስከረም ላይ፦ የሚጠየቀውንና የማይጠየቀውን ለዩ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ካርድ አዘጋጁ። ከማን ጋር ነው የሚኖረው? እናቱ መምጣት ባትችል ማን ይጠራለት? ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ትምህርት ቤት ቀይሯል? እስከ 8ኛ ክፍል የተማረው በየትኛው ቋንቋ ነው? ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ታናሽ ወንድም ወይም እህት አለው? እነዚህ አምስቱ ይበቃሉ።

የማይጠየቁም አሉ። አባት ወይም እናት ያሉበት ክፍለ ጦር፣ የተሰማሩበት ቦታ፣ የሄዱበትና የሚመለሱበት ቀን ካርዱ ላይ አይጻፍም። ልጁ ራሱ ቢነግራችሁ እንኳ ሰምታችሁ እለፉት። «ወላጅ ከቤት ርቋል» ብሎ መጻፍ ለሥራችን በቂ ነው። ወረቀት ይጠፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከሰው እጅ ይገባል። በልጅ ካርድ ላይ የተጻፈ የስምሪት ቦታ ወላጁንም ጓዶቹንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ማዕረግም እንዳይጻፍ እመክራለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የወላጅ ማዕረግ» የሚል ቦታ ነበር። ካርዱ በመምህራን ክፍል ሲዞር ሁላችንም ያንን መስመር ሳናስበው ቀድመን እናነብ ነበር፤ ካነበብን በኋላ ልጁን የምናይበት ዓይን ይለወጣል። ቦታውን ከቅጹ አወጣነው። ወላጅ ሲመጣ ግን «ሃምሳ አለቃ»፣ «ሻምበል» ብላችሁ በማዕረጉ ጥሩት። የደከመበት ክብር ነው፤ ክብሩ የእሱ እንጂ የልጁ አይደለም።

በዓመቱ መካከል ተዛውሮ የሚመጣውን ተማሪ ወረቀቱ እስኪሟላ ደጅ አታቁሙት። መልቀቂያው ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ በጊዜያዊ መዝገብ አስገቡትና ወንበር ስጡት። ከአንድ የሰፈሩ ልጅ ጋር ለሁለት ሳምንት አጣምሩት፤ ጎበዝ ተማሪ ከመምረጥ አብሮት ወደ ቤት የሚሄደውን መምረጥ ይሻላል። የቋንቋውን ነገር አትርሱ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ችግሩ ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን ከአማራ ክልል መጥቶ ኦሮሚያ የገባ ልጅ አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲጋፈጥ፣ በእረፍት ሰዓት ጓደኞቹ የሚስቁበትን ቀልድ ሳይሰማ ሲቀር፣ «ይህ ልጅ ዝምተኛ ነው» እንላለን። ዝምተኛ አይደለም፤ ቋንቋው እስኪገባው እየጠበቀ ነው።

2. ከካምፑ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ

ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረቱ (ወተመህ) እና ከካምፑ አስተዳደር የተወከለ ሰው መስከረም ሳያልቅ ይቀመጡ። አራት ነገሮች ይጻፉ። ወታደር ወደ ትምህርት ቤቱ ገብቶ ተማሪ አይቀጣም። ተማሪ ለመካሪው የተናገረው ለወላጁ አለቃ ሪፖርት አይደረግም። አስቸኳይና ከባድ ወሬ ሲኖር ከካምፑ በኩል የሚደውል አንድ ሰው፣ ከእኛም በኩል የሚቀበል አንድ ሰው በስም ይታወቃል። ሴት ተማሪዎች የሚመላለሱበት መንገድ ከምልምሎች መዝናኛ ወይም ከሥልጠና ሜዳው የራቀ ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ ያከራክራል። አንድ አዛዥ «የሠራዊት አባል ልጅ ጉዳይ ይመለከተናል» ማለቱ ከክፋት አይደለም፤ ለቤተሰቡ ኃላፊነት ስለሚሰማው ነው። መልሱ በአክብሮት ይሰጥ፦ «ልጁ ቤቱ ያለውን ችግር እዚህ ሲናገር የአባቱን እድገት የሚነካ ከመሰለው፣ ሁለተኛ አይናገርም፤ ያኔ እናንተም እኛም ምንም አናውቅም።» ይህን ብዬ ያልተቀበለኝ አዛዥ አልገጠመኝም።

3. የምክር ክፍሉንና የመጀመሪያውን ንግግር አዘጋጁ

ክፍሉ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ አጠገብ አይሁን፤ እዚያ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ጥፋተኛ ይመስላል። ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለች ትንሽ ክፍል ትሻላለች። በሩ መስተዋት ይኑረው፤ ከውጭ መታየት ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል፤ ድምፅ ግን አይውጣ። ጠረጴዛውን በመካከላችሁ አታድርጉት። የካምፕ ልጅ ጠረጴዛ ፊት ቀጥ ብሎ መቆምን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያይ አድጓል፤ «ተቀመጥ» ስትሉት እንኳ ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ገና ሲገባ ይህን ንገሩት፦ «እዚህ የምትነግረኝ ከእኔ ጋር ይቀራል። ሦስት ነገር ሲኖር ግን ብቻዬን አልይዘውም። ራስህን ልትጎዳ ካሰብክ፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይም አንተን እየጎዳህ ያለ ሰው ካለ። ያኔም ለማን እንደምነግር አስቀድሜ አሳውቅሃለሁ።» ሦስቱን ሳትጠቅሱ «ምስጢርህ ምስጢሬ ነው» ብላችሁ ከማላችሁ፣ ከባዱ ቀን ሲመጣ መሐላችሁን ልታፈርሱ ነው፤ ልጁም ከእናንተ በኋላ አዋቂ ላያምን ይችላል።

የምትጽፉት ማስታወሻ አጭር ይሁን፦ ቀን፣ የተማሪው መለያ ቁጥር፣ ያነሣው ጉዳይ በአንድ መስመር፣ የተስማማችሁበት ቀጣይ እርምጃ። ስም ያለበት ዝርዝር በሌላ መሳቢያ ይቆለፍ።

4. ሥነ ምግባርን ከወታደራዊ ቅጣት ለዩ

የራሴን ጥፋት እዚህ ላይ ልናገር። አንድ የ10ኛ ክፍል ሴክሽን አስቸግሮኝ፣ አንድ አሠልጣኝ የሆነ ወላጅ ለምኜ ወንዶቹን ሜዳ አወጣልኝ። ሮጡ፣ ተንበረከኩ፣ አፈር ላይ ተንከባለሉ። ለአንድ ሳምንት ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከወር በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ከዚያ ክፍል ወደ እኔ ይመጡ ከነበሩት ልጆች አንድም አልተመለሰም። ጸጥታውን ያገኘሁት ልጆቹን ከፍዬ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚነካ፣ ጭካኔ ካለበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። «የወታደር ልጅ ስለሆነ ይችለዋል» የሚል ልዩ አንቀጽ የለውም።

በቦታው የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። የተጣሉትን ለየብቻ ስሟቸው፤ እያንዳንዱ የሆነውን በራሱ እጅ ይጻፍ። «ማን ተጎዳ? ምን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰበረውን ማደስ፣ የተሰደበውን በተሰደበበት ሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ፣ የጠፋውን ክፍለ ጊዜ ማካካስ ይገባል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይዛመድ፤ ያረፈደ ልጅ ሣር ቢያጭድ ስለ ማርፈድ የሚማረው ነገር የለም። ይልቅ ለምን እንዳረፈደ ጠይቁት። አባት ግዳጅ ላይ፣ እናት ሥራ ላይ ከሆኑ፣ ሁለት ታናናሾቹን መዋዕለ ሕፃናት አድርሶ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ አሥር ደቂቃ ፈቃድ ስጡት እንጂ በር አትዝጉበት።

ወላጅ ስትጠሩ ተጠንቀቁ። አንዳንድ አባት ልጁ ጥፋት ሠራ ሲባል በአለቆቹ ፊት የተዋረደ ይመስለዋል፤ ማታ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ትገምታላችሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ስለ ልጁ አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ችግሩን፣ ከዚያ «በዱላ እንዳይሆን አደራ» በሉ። አደራ የተባለ ወታደር አደራውን ያከብራል።

የሥነ ምግባር ትምህርቱን በተመለከተ፣ መፈክር ግድግዳ ላይ መስቀልና በሰልፍ ሰዓት መናገር ቀላል ነው፤ ብዙም አይጠቅምም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰዱና ከግቢው ሕይወት አንድ ጥያቄ አምጡ። «የጓደኛህ አባት የአባትህ አለቃ ነው። ልጁ ፈተና ላይ መልስ እንድታሳየው ጠየቀህ። ምን ታደርጋለህ?» አትፍረዱ፤ ይከራከሩ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «የሚያዝህ ባይኖር፣ የሚያይህም ባይኖር?» እነዚህ ልጆች መታዘዝን ከእኛ በፊት ያውቃሉ። የሚቸግራቸው ያዛዡ ድምፅ ሲጠፋ ራስን መግዛት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚወድቁትም በዚሁ ነው።

የጽዳት ተራ በፊደል ተራ ይውጣ። ቦርድ የሚያጠፋው፣ ባንዲራ የሚሰቅለው፣ የክፍል አለቃ የሚሆነው በአባቱ ስም እንዳይመረጥ መዝገቡን ክፍል ውስጥ ለጥፉት። ክበባትና ሚኒ ሚዲያው እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ይሥሩ።

5. ወላጅ ግዳጅ ላይ ሲሆን

ምልክቱ ሁልጊዜ ልቅሶ አይደለም። ውጤት መውረድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ዳስተር ሲወድቅ መደንገጥ፣ በእረፍት ሰዓት ስልክ ላይ ተደፍቶ ዜና መፈለግ፣ ወይም በተቃራኒው ድንገት «ጎበዝ» ሆኖ ምንም አለማስቸገር ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን።

ስትጠይቁ «አባትህ የት ነው?» አትበሉ። «ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?» በሉ። «አይዞህ በሰላም ይመለሳል» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ካልተመለሰ ዋሽታችኋል። «መጨነቅህ ልክ ነው፤ እስከዚያው ምን ልርዳህ?» ይሻላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመርና የትግራይ የስልክ መስመር ሲቋረጥ፣ የቤተሰባቸውን ድምፅ ለረጅም ጊዜ ያልሰሙ ልጆች በየክፍሉ ነበሩ። የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው ፌስቡክ ነው፤ ያልሞተ ሞተ ተብሏል፣ የሞተም ደህና ነው ተብሏል። ስለዚህ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ደንብ አውጡ፦ ስለ ክፍል ጓደኛ ወላጅ የሰማነውን ወሬ እርስ በርስ አናወራም፤ ለመምህር እንነግራለን።

በዚያው ጦርነት የወላጆቻቸው ትውልድ ቦታና ብሔር የተለያየ ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በልጆች መካከል የቀረው ቃል ቶሎ አልጠፋም። በብሔር የተሰነዘረ ስድብን «የልጅ ጨዋታ» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን፣ በተራ ቁጥር 4 አካሄድ ያዙት።

ስለ መመለስም ላስታውስ። ሶማሊያ ለሰላም ማስከበር የሄደ አባት ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለስ ሁሉም ደስታ ብቻ ይጠብቃል። ልጁ ግን እስከዚያ የቤቱን ቁልፍ ይዞ፣ ከእናቱ ጋር ወጪ ሲማከር ቆይቷል። አባት ገብቶ ማዘዝ ሲጀምር ይጋጫሉ። ከተመለሰ በኋላ ባሉት ወራት ልጁን አንድ ሁለት ጊዜ ጥሩት።

6. መርዶ ሲመጣ

ይህን ክፍል ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ አንብቡት።

መርዶ የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም። በባህላችን የሚነገረው በማለዳ፣ በቤት፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ ባለበት ነው። መምህር በቢሮ ውስጥ፣ ከሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል የሚናገረው ነገር አይደለም። ችግሩ ግን ካምፕ ውስጥ ወሬ ከሽማግሌ ይቀድማል። ልጁ ሳይሰማ ጓደኛው ሊሰማ ይችላል።

ከካምፑ የሚደውለው ሰው ሲደውል እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ ከቤተሰቡ ማን ሊወስደው እንደሚመጣና መርዶው መቼ እንደሚነገር ጠይቁ። ማታ ወይም ነገ ማለዳ ከሆነና ወሬው ገና ካልወጣ፣ ልጁ ቀኑን ይማር። ወሬው ከወጣ ወዲያው ዘመድ ይምጣ። እስኪመጣ ልጁን ከክፍል አውጥታችሁ ሥራ ስጡት፤ መጻሕፍት አብሯችሁ ይደርድር። ብቻውን አይሁን፣ ስልኩንም በዚያ ሰዓት እንዳይከፍት በሥራው ያዙት። ዘመድ ሲመጣ «አጎትህ በር ላይ ነው፣ እናትህ ትፈልግሃለች» በሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። «ምን ሆነ?» ብሎ ከጠየቀ «እኔ ከምነግርህ ቤተሰብህ ቢነግሩህ ይገባል፤ እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ» በሉ። «ምንም የለም» አትበሉ። ደብተሩንና ቦርሳውን ራሳችሁ ያዙለት፤ እስከ በሩ አድርሱት።

ልጁ ግቢውን ከለቀቀ በኋላ ብቻ ለክፍሉ ንገሩ። አጭር አድርጉት፣ ማልቀስ ከፈለጉ ያልቅሱ፤ ያን ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አይማሩም። በዚያ ክፍል ውስጥ አባታቸው ግዳጅ ላይ ያሉ ሌሎች ልጆች አሉ፤ ፊታቸውን እዩ።

ለቅሶ ስትሄዱ መምህራንና የክፍሉ ተወካዮች አብራችሁ ሂዱ። ቤተሰቡ ክርስቲያን ከሆነ ሰልስቱን፣ አርባውን፣ ሙስሊም ከሆነም የቤቱን ሥርዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። አስከሬን ያልመጣበት ለቅሶ ይበልጥ ይከብዳል፤ ልጁ መቃብር አላየምና ልቡ አያምንም። እዚያ ቤት ውስጥ የበኩር ልጅን ከበው «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። በጎ አስበው ነው። ቢሆንም የ15 ዓመት ልጅ በዚያ ቃል ስር ማልቀስ ያቆማል፣ ቀጥሎም ትምህርት ሊያቆም ይችላል። ከእናቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ለብቻ ተነጋገሩ፦ «እንዲያለቅስ ፍቀዱለት፣ ገና ተማሪ ነው።»

ሲመለስ ወንበሩ እንደነበረ ይጠብቀው። ጥቁር ሻሽ ላደረገች ልጅ የዩኒፎርም ደንብ አይነበብባት። ያመለጠውን ፈተና በሁለት ሳምንት ውስጥ በየተራ ያካክስ እንጂ በአንድ ቀን አትከምሩበት። አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ውጤቱ ይወርዳል፣ ጠብም ይነሣል፣ እሱም ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል። የሠራዊት በዓል ሲከበር «የሰማዕት ልጅ» ብላችሁ ወደ መድረክ ከመጥራታችሁ በፊት ለብቻው ጠይቁት። እምቢ ካለ በቂ ምክንያት ነው።

ወላጁ የት እንደደረሰ ያልታወቀ ልጅ ደግሞ አለ። ለዚህ ሽማግሌም፣ ድንኳንም፣ ሰልስትም የለውም። ሲያወራ «አባቴ ይወዳል» ካለ እናንተም «ይወዳል» በሉ፤ «ይወድ ነበር» ብላችሁ አትቅደሙት።

7. ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ተማሪ

«ብሞት ይሻለኛል» የሚልን ልጅ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ያለውን ያወጣዋል። ቀጥሎ እንዴት ብሎ እንዳሰበ ጠይቁ። የካምፕ ልጅ ከሆነ ሌላ ቦታ የማትጠይቁትን ትጨምራላችሁ፦ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» ካለ፣ ከቤተሰቡ አንድ የሚታመን አዋቂ ያንኑ ቀን ከቤት እንዲያወጣው፣ ወደ ጦር ክፍሉ ግምጃ ቤት እንዲመልሰው አድርጉ። «ተደብቋል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ልጅ የተደበቀበትን ያውቃል። ብቻውን ወደ ቤት አትልቀቁት። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ከአዋቂ ጋር ላኩት፤ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ባቅራቢያ ከሌለ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ማስኬድ የሚያስፈልግ ከሆነ መጓጓዣውን ራሳችሁ ተከታተሉ።

8. ሴት ተማሪዎች

ከወታደር የሚመጣ ስጦታ፣ የስልክ ካርድ መሙላት፣ ወደ ከተማ መሸኘት፤ ነገሩ የሚጀምረው በእነዚህ ነው። የለበሰው ዩኒፎርም ስላስፈራትም ስለማረካትም «እምቢ» ማለት የከበዳት ልጅ ስትነግራችሁ፣ «አንቺ ምን አደረግሽ?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። አድራጊው የካምፑ አባል ከሆነ ጉዳዩ በካምፑ ውስጥ በሽምግልና እንዲያልቅ አትፍቀዱ፤ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ ኤችአይቪን ለመከላከል ይጠቅማልና።

9. ከ12ኛ ክፍል በኋላ

ከእነዚህ ልጆች ግማሹ «እንደ አባቴ» ይላል፣ ግማሹ «እንደ አባቴ አልሆንም» ይላል። ሁለቱም ስለ አባት እንጂ ስለ ሥራ አይደሉም። ሠራዊቱን ለሚመርጥ ልጅ የዕድሜውን ገደብ፣ 18 ዓመት፣ እና በፈቃደኝነት መሆኑን ግልጽ አድርጉ። ታሪኩንም ንገሩት፤ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች፣ የሐረሩ ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በህንድ መኮንኖች እገዛ ሲከፈቱ የፈለጉት ትምህርት ያለውን ወጣት ነበር። ትምህርቱን ጥሎ መግባት አቋራጭ አይደለም።

ስለ ሀገር አቀፍ ፈተና እውነቱን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ለ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ለ2015 3.2፣ ለ2016 5.4፣ ለ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሪሚዲያልን (የማካካሻ ትምህርቱን) እና ቴክኒክና ሙያን ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ እውነተኛ መንገድ ተወያዩባቸው፤ ውጤት ከወጣ በኋላ ማጽናኛ ሆነው ከቀረቡ ልጁ እንደ ውድቀት ይቆጥራቸዋል። በካምፑ ያሉ መካኒኮች፣ ነርሶችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አንድ ከሰዓት መጥተው ስለ ሥራቸው ያውሩ። ስለ ጀግንነት ሌላ ቀን ይናገራሉ።

10. ሰኔ ላይ፣ ወይም ዝውውር በመጣ ቀን

ልጁ ድንገት ሊሄድ ይችላልና መሸኛውን አስቀድማችሁ አስቡበት። ከመልቀቂያውና ከውጤቱ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ለቀጣዩ መምህር ጻፉ፦ ምን እንደሚወድ፣ በምን እንደሚበረታ፣ ሲከፋው ምን እንደሚረዳው። የምክር ማስታወሻውን አታያይዙ፤ አዲሱ መካሪ ካስፈለገው ልጁ ራሱ ይንገረው። ደብዳቤውን ሳታሽጉ ለልጁ አንብቡለት፣ የሚቀየር ካለ ይበል፣ ከዚያ ፈርማችሁ በእጁ ስጡት።